የእትዬ ብርቄ ዓይን አይጾምም

እትዬ ብርቄ ማረፋቸውን የሰማሁት እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ በአንድ እጄ ስልክ በሌላው መገልበጫ ይዤ ነው። ልጃቸው ከአዳማ ደውላ፣ "ጋሽ ሰይድ፣ እማዬ ንጋት ላይ አረፈች" አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ተገትሬ ስቀር መጥበሻው ላይ የነበሩት ሦስት ፓንኬኮች ከሰሉ። ጢሱ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የመጣልኝ የእሳቸው ድምፅ ነው። ቢኖሩ ኖሮ፣ "ሰይዶ፣ ማዘን ከፈለግክ እሳቱን አጥፍተህ እዘን" ይሉኝ ነበር። እሳቱን አጠፋሁና አዘንኩ።

እውነቱን ልናገርና ያዘንኩት ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። ጁባ፣ ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር ያለችው የቁርስ ካፌያችን በእትዬ ብርቄ ነፍስ ላይ የተንጠለጠለች ናት። ግቢውን የያዝነው "ይቺ ሴትዮ በሕይወት እስካለች ድረስ" በሚል ቃል ነው፤ ቃሉም የተሰጠው የአከራያችን ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ በተቀመጠበት ነው። እንዲህ ያለ የኪራይ ውል ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ነገሩ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለመናገር ግን ከዱቄቱ መጀመር አለብኝ።

ያኔ እዚያው ጁባ፣ ሙኑኪ በሚባል ሰፈር ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት በጅምላ አከፋፍል ነበር። አንድ ቀን አጠር ያሉ፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሴትዮ ሱቄ ገቡና ከጆንያው ዱቄት ዘግነው በመዳፋቸው አሹት። አሸተቱት። ከዚያ ወደ ጆንያው አልመለሱትም፤ እጄን ያዙና እኔው መዳፍ ላይ አራገፉት።

"ይሄን ለማን ነው የምትሸጠው?"

"ለሰው ነዋ፣ እትዬ።"

"ሰው ምን አደረገህ?"

ብርቄ እንደሚባሉ፣ እዚያው ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ እንደነበሩና ሆቴሉ በዚያው ሳምንት እንደተዘጋ የነገሩኝ ሌሎቹን ጆንያዎች እየዞሩ ሲዘልፉ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ሐሳብ ይዞኝ ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሰው አያለሁ፤ ልጆቹን አልብሶ፣ ጫማቸውን ወልውሎ፣ ከዚያ የሚቀመጥበት ያጣል። ያለው ወይ መጠጥ ቤት ነው፣ ወይ ልጅ ወንበር ሲጎትት አስተናጋጁ የሚቆጣበት ሆቴል ነው። ኮር ዊሊያም ውስጥ ሦስት ትልልቅ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ተከራይቼ የሚያበስልልኝ ሰው እፈልግ ነበር። ዱቄቴን እንዲህ የናቀች ሴት ካልሠራችልኝ ማን ይሠራልኛል ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ብራንች ነው የምንሠራው፣ እትዬ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቁርስም ምሳም ያልሆነ ነገር ነው። ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ይበላል።"

ትንሽ አሰቡ። "አርፍዶ የሚነሳ ሰው ቁርስ ነው በለኛ። ለስንፍና ሜኑ አወጣህለት።"

ግን መጡ። ከጓዳው ጀርባ ያለችውን ክፍል ራሳቸው ኖራ ቀብተው ገቡባት። ምድጃውን ሁለቴ አፍርሰው ሁለቴ አሠሩት። ግንበኛው ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ስልኩን አላነሳም። ፓንኬክ የሚባለውን ነገር በሁለት ቀን ተማሩ፤ በሦስተኛው ቀን የእኔን አሠራር ያርሙ ጀመር። ሲሠሩ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሳህኑ ከጓዳ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱን መዳፎቻቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረግ፣ ጠረግ ያደርጋሉ፤ ሁለት ጊዜ። ያን ሳያደርጉ የወጣ ሳህን አላስታውስም።

ካፌውን የከፈትነው በጥር ነው። ስንከፍት አንድ ነገር አላሰብንም። አላሰብንም የምለው ጥፋቱን ለመካፈል ነው እንጂ ያላሰብኩት እኔ ነኝ። ሜኑው ላይ ያለው እንዳለ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና ቋሊማ ነው። ምግብ አብሳያችን ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናቸው። ሁዳዴ ደግሞ የካቲት ላይ ከች ይላል።

እትዬ ብርቄ በሁዳዴ ቀልድ አያውቁም። ወባ ጥሏቸው ሐኪሙ ወተት ጠጪ ሲላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተኙ ሴት ናቸው። ለሌላ ሰው የፍስክ ምግብ መሥራቱ ግድ አይሰጣቸውም፤ "እኔ ሠሪ ነኝ፣ በላተኛው ይጨነቅ" ይላሉ። መቅመስ ግን የለም። ጣት ነክሮ መላስ የለም። አፍንጫቸውን እንኳ ከድስቱ አርቀው ነበር የሚያማስሉት።

በመጀመሪያው የጾም እሁድ የሆነው ነገር የመጣው በእኔ ጥፋት ነው። ከሱቅ ስኳርና ጨው በሁለት ነጭ ባልዲ አመጣሁ። ስኳሩ ደቃቅ ነው፣ ጨውም ደቃቅ ነው። ክዳኖቹን ስመልስ አቀያየርኳቸው። ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎ ጓዳው ጨለም ብሏል። እሳቸው ደግሞ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አምነው ጨውን በስኳር ልክ ጨመሩት።

እኔ በር ላይ እንግዳ ስቀበል ስለምውል ለቅምሻ አልመችም፤ ከሠራተኞቹ መካከል ደግሞ መጾም የማይመለከታት አንድ ሰው ነበረች፤ አስተናጋጃችን አቾል። አቾል ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ግን አዲስ አበባ፣ ጎፋ አድጋ ነው የተመለሰችው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ስለዚህ ቀማሽ እሷ እንድትሆን ተስማምተን ነበር። ችግሩ፣ አቾል የማይጣፍጣት ነገር የለም። በሕይወቷ አንድም ምግብ ስታማ ሰምቻት አላውቅም። የዚያን ቀን ፓንኬኩን ጎረሰች፤ አላመጠች፤ ዓይኗ ትንሽ ፈጠጠ።

"እንዴት ነው?" አሏት እትዬ ብርቄ።

"አሪፍ ነው። ለየት ይላል።"

ወጣ። አራት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው በላው። ለቢሮ ሥራ የመጡ ሁለት ኬንያውያን "በጣም ጥሩ ነው" ብለው አመሰገኑኝ፤ ውሃ ግን ስድስት ጠርሙስ ጠጡ። እኔም ስድስት ጠርሙስ ውሃ በመሸጤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ የኡጋንዳውያን ቤተሰብ ሳህን ቀረበለት። አምስት ዓመት የሚሆናት ልጃቸው ጎረሰችና ፊቷ ከግንባሯ እስከ አገጯ ተጨማደደ። የጎረሰችውን አውጥታ በጨዋ ደንብ አባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።

እትዬ ብርቄ በጓዳው መስኮት ሁሉንም አይተዋል። መገልበጫቸውን እንደያዙ ወጡና ሳህኑን ከየጠረጴዛው ሰበሰቡ፤ ካንዱ ኬንያዊ አፍ ላይ የነጠቁት ይመስለኛል። ያን ቀን የቀረውን ሊጥ ደፍተው ጓዳውን ዘጉ። ማክሰኞ ጠዋት ስመጣ ግን ከማንጎው ሥር የነበሩት ሁለት ጠረጴዛዎች ጓዳው መስኮት ሥር ተዛውረዋል። እግራቸው በመጋዝ ተቆርጦ እስከ ጉልበቴ ደርሰዋል።

"ምንድን ነው ይሄ፣ እትዬ?"

"የልጆች ቦታ ነው።"

"ልጅ ይወዳሉ እንዴ?"

"ማ? እኔ?" አሉ በድንጋጤ። ከዚያ አስረዱኝ። "ስማ ሰይዶ። አዋቂ ሰው የከፋ ነገር ጎርሶ ያመሰግንሃል። ሕፃን አይችልም። እኔ ምላሴ ጾመ እንጂ ዓይኔ አልጾመም። ልጆቹን ፊት ለፊቴ አስቀምጥልኝ፤ ሌላውን ለእኔ ተወው።"

ካፌያችን የቤተሰብ ካፌ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ዥዋዥዌውን ያሰቀሉት ልጆቹ ከመስኮቱ እንዳይርቁ ነው። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ያስገዙኝ ምግቡ እስኪደርስ እንዳይበተኑባቸው ነው። የመጀመሪያው ሳህን ሁልጊዜ ለልጆች ይወጣል፤ እሳቸው በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ቅንድብ ከተነሳ ስኳሩ በዝቷል። ልጁ አላምጦ ዝም ካለ ቅቤው አንሷል። ሳይውጥ ሁለተኛውን ከጎረሰ እትዬ ብርቄ መዳፋቸውን ሁለቴ ሽርጣቸው ላይ ጠርገው፣ "አውጪው ለአዋቂዎቹ" ይሏታል አቾልን።

እናቶቹ ይሄን አያውቁም። የሚያዩት ልጆቻቸው ሲበሉ በመስኮት በፍቅር የሚመለከቱ አንዲት ደግ ሴትዮ ነው። ወሬው ከቡሉክ ሰፈር እስከ ሙኑኪ ደረሰ። እሁድ እሁድ መኪናውም፣ ቦዳቦዳ የሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲም ልጅ ጭኖ በራችን ላይ ይደረደር ጀመር። አንዷ ሐበሻ ደንበኛችን አንድ ቀን ዓይኗን እየጠረገች፣ "እማማ፣ ልጅ እንዴት ቢወዱ ነው" አለቻቸው። እትዬ ብርቄ፣ "እግዜር ያሳድግልሽ" ብለው መለሱ። ከዚያ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሻሻቸውን ጆሯቸው ላይ ጎትተው ገቡ።

አንድ ዲያቆን የሆነ ደንበኛ ግን ምስጢሩን ደረሰበት። "እማማ ብርቄ፣ ዓይንም መጾም አለበት እኮ" አላቸው።

"አውቃለሁ" አሉት። "ለሥራ ፈቃድ አውጥቼለታለሁ።"

ከእኔ ጋር ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነበረን። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የደሴ ልጅ። ረመዳን ሲገባ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም። እትዬ ብርቄ ይሄን አይተው፣ "የአንተ ጾም አይደለም፣ ማዘግየት ነው። ማታ ሁሉንም ትወቅጠዋለህ" ይሉኛል። እኔም፣ "የእርስዎም ጾም አይደለም፣ መምረጥ ነው" እላቸዋለሁ። አንድ ቀን በዚህ ሲተርቡኝ ውለው፣ ማታ ከማፍጠሬ በፊት ቴምርና ሾርባ አዘጋጅተው በሳህን ከድነው አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። አመሰግናለሁ ስላቸው፣ "ቴምሩ ሊበላሽ ሆኖ ነው" አሉ። ቴምር እንደማይበላሽ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

እንዲህ ሁለት ዓመት ሄድን። በሦስተኛው ዓመት የእሳቸው ሁዳዴና የእኔ ረመዳን ተገጣጠሙ። በዚያው ወር የግቢው አከራይ ሚስተር ላዶ መጣና የማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ አዘዘ። ሚስተር ላዶ ጨዋ ሰው ነው፤ የሚያስጨንቅ ነገር ሲኖረው ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። ያን ቀን ስለ ዝናብ ብዙ ስላወራ ፈራሁ። በመጨረሻ ነገሩን አወጣው። አንድ ሰው ግቢው ላይ ባለ ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ፈልጓል። ማንጎዎቹ ይቆረጣሉ። እሱ ራሱ ልቡ ተከፍሏል፤ መሬቱ ግን የእናቱ የሀቦባ ኬጂ ነው። ሀቦባ ማለት በእነሱ አያት ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው እንደሚጠሯቸው ሁሉም ሰው ይጠራቸዋል። "እሁድ ቤተሰቡን ይዤ እመጣለሁ" አለኝ። "እናቴ ቦታውን ትየው። ከወደደችው ትቆያላችሁ፤ ካልወደደችው ግን ምን ላድርግ፣ ወንድሜ።"

ለእትዬ ብርቄ ስነግራቸው ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

"ከዚህ ብወጣ የት እንደምሄድ ታውቃለህ?" አሉኝ። "አዳማ። የልጄ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ያስቀምጡኝና ቴሌቪዥን ይከፍቱልኛል። ምን ልሥራ ስላቸው፣ 'እረፊ እማዬ' ይሉኛል። አየኸው አይደል ይሄን ጓዳ? ምድጃውን በልኬ ነው ያሠራሁት። ለሌላ ሰው ያጥረዋል።" ከዚያ መክተፋቸውን ቀጠሉ። ዓይናቸው አለቀሰ፤ ሽንኩርት ስለነበር አልጠየቅኋቸውም።

እሁድ ደረሰ። እትዬ ብርቄ ሽርጣቸውን በበረኪና አጥበው፣ ሻሻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅንድባቸው ከፍ አድርገው ብቅ አሉ። ፓንኬኩን በአቾል ሳይሆን በሁለት የጎረቤት ልጆች ፊት አስፈተሹት፤ ሁለቱም ሳይውጡ ሁለተኛውን ጎረሱ። ለላዶ ቤተሰብ ጠረጴዛ ከመስኮቱ ትይዩ አዘጋጀን። እነሱም ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ፤ ሚስተር ላዶ፣ ባለቤቱ፣ አራት ልጆችና ሀቦባ ኬጂ።

ሀቦባ ኬጂ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ መቁጠሪያ ያንጠለጠሉ አሮጊት ናቸው። ወንበሩን ሳይደገፉ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እንቁላሉ፣ ቋሊማው፣ ማር የፈሰሰበት ፓንኬክ ቀረበ። ልጆቹ ተረባረቡበት። ሀቦባ ኬጂ ግን ሳህናቸውን አልነኩም። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሚስተር ላዶ ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀ።

ሮጬ ጓዳ ገባሁ። እትዬ ብርቄ መስኮቱ ላይ ተደፍተው ዓይናቸውን አጥብበዋል።

"ምን ይታይዎታል?"

"ምንም። ይቺ ሴትዮ ፊቷን ቤቷ ትታ ነው የመጣችው።"

"አልወደዱትም ማለት ነው?"

"ዝም በል እስቲ።"

በዚህ መሃል ትንሿ የልጅ ልጅ ማር የነካ እጇን አያቷ ጣት ላይ ለጠፈች። ሀቦባ ኬጂ ጣታቸውን አዩት። አዩት፣ አዩት፤ ከዚያ መሐረብ አውጥተው በጥንቃቄ ጠረጉት። ሳህናቸውንም ወደ ልጅቷ ገፋ አደረጉ። እትዬ ብርቄ ቀና አሉ።

"አልላሰችውም" አሉ።

"እና?"

"ማር የነካው ጣቱን የማይልስ ሰው ወይ ታሟል ወይ ጾሟል። ይቺ አልታመመችም፤ ተመልከታት ቀጥ ብላ። አቾል! ነይ እስቲ፣ ሂጂና ጾም ናት ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።"

አቾል ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው። ሀቦባ ኬጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተንቀሳቀሰ። ካቶሊክ ናቸው፤ የእነሱም ጾም ገብቷል። በየዓመቱ እስከ ፋሲካ ሥጋ፣ እንቁላልና ጣፋጭ ላይነኩ ተስለው ኖረዋል፤ እሁድም ቢሆን አይፈቱም። ልጃቸው ቁርስ እንብላ ብሎ ሲያመጣቸው ለምን አልነገሩትም ብትሉ፣ "ልጄ ነው፣ ያውቃል ብዬ" ነው ያሉት። ሚስተር ላዶ አንገቱን ደፋ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ በልቤ ቆጠርኩ። በዚህች የቁርስ ካፌ ውስጥ በዚያች ሰዓት ምግብ አብሳይዋ ጾመኛ፣ ባለቤቱ ጾመኛ፣ የክብር እንግዳዋም ጾመኛ ናቸው። የምንሸጠውን የሚበላ ከእኛ ወገን አቾል ብቻ ናት፤ የእሷን ምስክርነት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እትዬ ብርቄ ግን ወደ ምድጃቸው ዞረው ነበር። ከጥጉ ላይ ሁልጊዜ ለራሳቸው የሚያስቀምጧት ትንሽ ድስት አለች። የጾም ምግባቸውን የተማሩት ከገበያ ሴቶች ነው፤ ኩድራ የሚባለውን የአገሩን ቅጠል በተፈጨ ለውዝ ይሠሩታል። እሁድ የሰዓት ጾም ስለሌለ አምስት ሰዓት ላይ ያችን ይበላሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ሌላ የላቸውም። ድስቷን እንዳለች ሳህን ላይ ገለበጧት። ከጎረቤት የተገዛውን ኪስራ፣ ማለትም ስሱን የማሽላ ቂጣ፣ አጠፍ አድርገው ጎኑ አስቀመጡ። መዳፋቸውን ሁለቴ ጠረጉና ራሳቸው ይዘው ወጡ።

ሳህኑን አስቀምጠው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የእትዬ ብርቄ የጁባ አረብኛ አራት ቃል ነው። አለ ለማለት "ፊ"፣ የለም ለማለት "ማፊ"፣ ከዚያ "ጥሩ" እና "ውድ ነው"። ከአራቱ አንዱም ለዚያ ሰዓት አልሆነ። ስለዚህ በአማርኛ፣ "ብዪ፣ የጾም ነው" አሏቸው።

ሀቦባ ኬጂ ኪስራውን ቆርሰው ነከሩና ጎረሱ። እንደገና ቆረሱ። ሦስተኛው ላይ ሳህኑን ወደ መሃል ገፍተው በአገጫቸው ወደ እትዬ ብርቄ አመለከቱ። ሁለቱ አሮጊቶች ካንድ ሳህን፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ፣ እስከ መጨረሻው ጠረጉት። እኔ እንደዚያ ቀን ርቦኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ሀቦባ ኬጂ ወደ ልጃቸው ዞረው ረጅም ነገር ተናገሩ። አቾል ተረጎመችልን። "ይቺ ሴትዮ በሕይወት እስካለች ድረስ ይሄን ግቢ ማንም አይነካውም፤ ማንጎውንም ማንም አይቆርጠውም ብለዋል።"

እትዬ ብርቄ ትንሽ አሰቡና፣ "ጉልበቴ ልክ አይደለም በያት። እኔን ብቻ ተማምነው ባይሆን ጥሩ ነው፤ ሌላም ሰው ይጨምሩበት በያት" አሉ።

ይሄን አቾል አልተረጎመችውም። ነገሩ አሪፍ ሆኖ ሳለ ለምን ላበላሸው ብላ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየጾሙ እሁድ ሀቦባ ኬጂ አምስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ኩድራው ሜኑው ላይ ገባ፤ ከእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ከእኛ ደግሞ ሐበሾቹ ይሽቀዳደሙበት ጀመር። እትዬ ብርቄም ለአንድ ምግብ እንኳ ምላሳቸውን መጠቀም በመቻላቸው ኮሩ። አምና ግን ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። ለሁለት ወር ብለው አዳማ ሄዱ፤ ሁለት ወሩ ስድስት ሆነ፣ ከዚያም ዓመት ሞላው። በስልክ፣ "ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴት ምግብ ትሠራለች፤ አንድም ጊዜ እጇን አትታጠብም" እያሉ ያማርሩኝ ነበር። መጥበሻውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሀቦባ ኬጂ በመጡ ቁጥር ከመቀመጣቸው በፊት፣ "ብርቄ ፊ?" ብለው ይጠይቁኛል። አሉ ወይ ማለታቸው ነው። እኔም "ፊ" እላለሁ፤ ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ልጃቸው በደወለችበት እሁድ፣ እሳቱን ያጠፋሁት አራት ሰዓት ላይ ነው። ሀቦባ ኬጂ የሚመጡት አምስት ሰዓት ላይ ነው።

አቾል ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳ ወጣች። ከዚያ አፍንጫዋን እየጠረገች መካሪ ሆነች። "በቃ ፊ በላቸው" አለችኝ። "ምን ችግር አለው? በልባችን አሉ አይደል?"

"አቾል፣ ረመዳን ነው። ጾሜ ላይ ልዋሽ?"

"እሺ ከፋሲካ በኋላ ንገራቸው።"

ሳልዋሽ አልቀርም ብዬ ነበር፣ እውነት ለመናገር። እትዬ ብርቄ ያሠሩትን ምድጃ አየሁት፤ እኔ ስቆምበት ወገቤን ያመኛል። ማንጎዎቹን አየኋቸው። ዥዋዥዌው ላይ ሁለት ልጆች ተራ ይጣላሉ። አንዲት ቃል ናት፤ ባለፈው እሁድም ብያታለሁ። ኩድራውን ሠራሁ፤ እሳቸው እንዳሳዩኝ ለውዙን ቀስ በቀስ፣ እሳቱን ቀነስ አድርጌ። መቅመስ ግን አልችልም። መዳፌን ሁለቴ ሽርጤ ላይ ጠረግሁና ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

ሀቦባ ኬጂ ከሚስተር ላዶ ጋር መጥተዋል። ወንበሩን ይዘው ቆመዋል።

"ብርቄ ፊ?"

አፌ ለ"ፊ" ተከፈተ። "ማፊ" አልኩ።

 አቾል ፊቷን በትሪው ሸፍናለች። ሀቦባ ኬጂ አማተቡ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሚስተር ላዶ ስልኩን ኪሱ ከተተና እናቱን አየ። እኔም አየኋቸው፤ ዓይኔን አጥብቤ፣ እትዬ ብርቄ እንዳስተማሩኝ። ምንም አይነበብም። ፊታቸውን ዛሬም ቤታቸው ትተው ነው የመጡት።

ኪስራውን ቆረሱ። ነከሩ። አላመጡ። ረጅም ጊዜ አላመጡ። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ጾመኛ መሆኔን በእጄ አሳየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁና መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"ሚሌ ማፊ" አሉ።

"ጨው የለውም ይላሉ" አለች አቾል ከትሪው ኋላ።

ከዚያ ሌላም ነገር ተናገሩ፤ እኔን ሳይሆን ሳህኑን እያዩ።

"ግቢውን ነው?" አልኳት አቾልን።

"የግቢውን ነገር አላነሱም። የሚቀጥለው እሁድ ጨው ጨምርበት፣ ልክ እስኪመጣልህ ድረስ በየእሁዱ እየመጣሁ እቀምስልሃለሁ ነው ያሉት።"

ሚስተር ላዶ ሻይ አዘዘ። ስለ ዝናብ ምንም አላወራም።

ወደ ጓዳ ተመለስኩና ከአራት ሰዓት ጀምሮ የያዝኩትን ልቅሶ አለቀስኩት፤ እሳቱን አጥፍቼ። ከዚያ ሁለቱን ነጭ ባልዲዎች አወረድኳቸው። ክዳኖቹን አላመንኳቸውም። አቾልን ጠርቼ ካንደኛው ጣቷን ነክራ እንድትቀምስልኝ ለመንኳት። ቀመሰች።

"እንዴት ነው?" አልኳት።

"አሪፍ ነው" አለች እያለቀሰች።